የሰረዝሁት ሙቀት

ሰኞ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

የዲላው የአየር ጠባይ ጣቢያችን ቁጥር ከሳተላይቱ ቁጥር ጋር አይስማማም ይላል ዛሬ ከአዲስ አበባ የደረሰኝ ደብዳቤ። ሳተላይቱ የአየሩን ሙቀት ከላይ ሆኖ ይለካል፤ በትክክል መለካቱ የሚረጋገጠው በየማለዳው በምንለቀው ፊኛ ነው። የሌሎቹ ጣቢያዎች ተስማምቷል። የእኛ ብቻ፣ ያውም ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው አየር፣ ዘወትር ቀዝቅዞ ይገኛል። ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ በስልክ ጠየቁኝ። ፊኛው በሬዲዮ የሚልከውን ምልክት እያነበበች የምትመዘግበው አስቴር ናት። ስሟን ነገርሁ።

ማክሰኞ፣ ፲

ስሟን መስጠቴን ለአስቴር ነገርኋት። አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ የላኩት እኮ እኔ የጻፍኩትን አይደለም» አለች።

ረቂቋን በንጹሕ የምገለብጠው እኔ ነኝ። አየር ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ እርሷ ግን ከጉሙ በላይ ይሞቃል እያለች ትጽፋለች። ስሕተት መስሎኝ ባየሁ ጊዜ ሁሉ እያረምሁ ላክሁ።

«እኛን የኔታ ለአንዲት ፊደል በአለንጋ ነበር የሚያርሙን» አልኋት።

«አባቴ አገር ዱመርሶ፣ እላይ ተራራው ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ከዲላ ይሞቃል። ፊኛው እርስዎን ሳያማክር ነው የሚወጣው።»

ከቢሮዬ አስወጣኋት።

ረቡዕ፣ ፲፩

አስቴር ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ከሥራ ትታገዳለች። በስልክ ተነገረኝ። እንቅልፍ የለም። የተናገረችው ከጆሮዬ አልወጣም።

ሐሙስ፣ ፲፪

የሚካኤል በዓል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አልሳምሁም። ቴርሞሜትር ይዤ በጭነት መኪና ዱመርሶ ወጣሁ። ጉሙ ከእግሬ በታች ተኝቷል። ልክ በአንድ ሰዓት አነበብሁ፦ ዐሥራ አምስት ዲግሪ። በዚያው ሰዓት አስቴር ዲላ ላይ ያነበበችው ዐሥራ አንድ ነው።

ረቂቆቿን አውጥቼ ከሳተላይቱ ቁጥር ጋር አስተያየሁ። በጥቂቱ ነው የሚለያዩት።

ዕድሜዬን ሙሉ የተመሰገንሁበት የእጅ ጽሕፈት ነው የዋሸው። ይህን ሁሉ ወራት ሐሰት አሳምሬ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ልጅቱንም አሳልፌ ሰጠሁ።

ዓርብ፣ ፲፫

አዲስ አበባ ደወልሁ። ኃላፊው «ጓድ፣ ውሳኔው ወጥቷል፤ ያለዎትን በጽሑፍ ያቅርቡ» አለኝ። «ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ፤ ከረቂቆቿ ጋር አስሬ በአውቶቡስ ላክሁ። ከሰኞ በፊት የሚከፍተው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከመላኬ በፊት አስቴር ደብዳቤውን አንብባው ነበር። «የኔታ ቢኖሩ ለዚህ ስንት አለንጋ ነበር?» አለችኝ።

የዛሬውን የፊኛ መዝገብ አልገለበጥሁም። በእርሷ እጅ እንደ ተጻፈ፣ ከነሥርዝ ድልዙ፣ አብሮ ሄዷል።