ልጓም ያልጎረሰው ዳማ

ልጄ ፀደንያ፣ የቦንጋው ጊዮርጊስ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። ደህና ነን፤ ብርዱን ፍሪ፣ አንገትሽን ሸፍኚ።

አባትሽ ዳማውን ፈረስ ለመስቀል ግልቢያ ሊያስመዘግብ ወሰደው። ድዱ ስለቆሰለ ልጓሙን ትቶ አፍ ውስጥ የማይገባ ልባብ ብቻ አሰረለት። የኮሚቴው ሊቀመንበር ጋሽ ሰብሃት «ያለ ልጓም ማን ያቆመዋል?» ብለው በግምገማ ጣሉት።

እኔም አብሬ ሄጄ ነበርና «የእርስዎ ፈረስ አምና ልጓም እንደጎረሰ አይደል ሺሺንዳ ገበያ ይዞዎት የገባው?» አልኳቸው። ሰው በሳቅ ፈረሰ። አባትሽ ደግሞ «ልጓሙ ለሚስቴ ይሁን» አይል መሰለሽ!

በመጨረሻ «ያለ ልጓም መጋለብ ልጃችሁ ባለችበት ውጭ አገር ከተፈቀደ ማኅተም ያለው ወረቀት ይምጣ» ተባለ። እባክሽ ልጄ፣ ከመስቀል በፊት እዚያ ጠይቀሽ ላኪልኝ። ባይፈቅዱም ማኅተም ያለው ማንኛውም ወረቀት ይበቃል፤ ለኮሚቴው እንግሊዝኛ የሚተረጉመው አባትሽ ነው።

አምላክ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ።

እናትሽ የሻረግ