ያንን ቀን ለአባዬ ልንገረው?

እማዬ፣

ለሞተ ሰው የጻፉት ደብዳቤ ይደርሳል? ይህን ያልጠየቀ ሐዘንተኛ ያለ አይመስለኝም። ከተለየሽን ዘጠኝ ወር ሆነ፤ እኔም ይድረስ አይድረስ ሳላውቅ ይኸው እጽፍልሻለሁ።

ያው ሰበታ ነን። አባዬ የፖሊስ ደንብ ልብስሽን ከቁም ሳጥን አላወጣም፤ ስልክ በጠራ ቁጥር እስካሁን ይደነግጣል። እኔ ተመርቄያለሁ! ሲቪ ይዤ ገላን ድረስ ፋብሪካ ለፋብሪካ ዞርኩ። ከዚያ የፖሊስ መኮንን ምልመላ ወጣ፤ ለማንም ሳልናገር ተመዘገብኩ። የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ሐሙስ ቃለ መጠይቅ አለብኝ።

አባዬ ሲሰማ ሳቀብኝ። «እናትሽ ሱሉልታንና ቡራዩን የመራችው ፍርሃት የሚባል ስላልፈጠረባት ነው። አንቺ በረሮ አይተሽ አልጋ ላይ የምትወጪ!» ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹም «ኮማንደር አንዲት ነበረች፤ እሷም ሄደች» ብለው ጨመሩበት። ያንን ቀን ልነግራቸው ቃጣኝ፤ ግን አፌን ያሰርሽው አንቺ ነሻ።

ያ ቀን የሱሉልታ ፖሊስ አዛዥ በሆንሽ በሁለተኛው ወር ነበር። ከትምህርት ቤት ወስደሽኝ ስንመለስ ሬዲዮው ጮኸ፤ የሁለት መንደር ጎረምሶች በግጦሽ መሬት ተፋጥጠዋል። እኔን መኪና ውስጥ ትተሽ ወረድሽ። ፖሊሶችሽ መሣሪያ አቀባብለው ትእዛዝሽን ይጠብቃሉ። ያኔ እናቶች ሲንቄያቸውን፣ ሲዳሩ ከእናታቸው የተቀበሉትን በትር፣ ይዘው መጡ። ሲንቄ መሃል ከቆመ ወንድ አያልፍም፤ ወጉ ነው። ግን ያን ቀን ይከበር አይከበር ማን ያውቃል? ፖሊሶቹን ወደ ኋላ መልሰሽ ባዶ እጅሽን ከእናቶቹ ጋር ቆምሽ። አንድ ድንጋይ እግርሽ ስር አረፈ። ከዚያ ዱላው ሁሉ ቀስ እያለ ወረደ።

አለቃሽ ደውለው «ፖሊስ ነሽ ወይስ ሽማግሌ?» ሲሉሽ፣ «ሬሳ ስላልቆጠርን ቅር አይበልዎት ጌታዬ» አልሻቸው። መኪና ውስጥ ገብተሽ ግን የውሃውን ክዳን መክፈት አቃተሽ፤ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፍቼ ሰጠሁሽ። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አልሽኝ። አልነገርኩም።

ሰው ሁሉ በፎቶሽ ያስታውስሽ፤ እኔ ዕድሜ ልኬን የማልረሳው ያንን እጅሽን ነው። አሁን ግን ከሐሙስ በፊት ለአባዬ ልነግረው ነው። ፈሪ መሆኔን አውቆ፣ ከነፍርሃቴ መርቆ እንዲሸኘኝ እፈልጋለሁ። ቃሌን ማፍረሴ ካስከፋሽ በሕልሜ ነይና ተቆጪኝ። ካልከፋሽ ግን፣ እባክሽ እማዬ፣ ወደ እሱ ሕልም ሂጂና «ልቀቃት» በይው።

ልጅሽ