ደጋን ላይ የተረጎምኩት ጥያቄ

ሐሙስ

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ጀርመናዊው ዶክተር ክላውስ ሽማግሎች ደም ሲያደርቁ ለማየት የገበሬ ማኅበሩን ፈቃድ አግኝቶ መጣ። አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ ሆጤ ሰፈር የምኖር የእንግሊዝኛ አስተማሪ። የገዳይና የሟች ቤተሰቦች ስንት ተለምነው ዛሬ ገና ደጋን ካለው ዋርካ ሥር አብረው ተቀመጡ። ዱአው አልቆ ጸጥ ሲል ዶክተሩ ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ገዳዩ የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። እኔም እንደ ወረደ ተረጎምኩት። እዚያ ሸንጎ ላይ የገዳይ ስም እንደማይነሳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ታዲያ ምን ነካኝ?

የሟች ወንድም ሰይድ ብድግ ብሎ ሄደ። ወገኖቹም ተከተሉት። ደም እንደገና ቢፈስ በእኔ ነው።

ዓርብ

ጠዋት፣ ኮምቦልቻ ሻይ ቤት። ዶክተሩ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። አሥር ዓመት ጠበቃ እንደነበረ አጫወተኝ። ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ ተካሰው ለታላቁ ረታለት። በኋላ ታላቁ ሲሞት ግን ታናሽየው ቀብሩ ላይ እንኳ አልቆመም። ከዚያ ጥብቅናውን ትቶ፣ ሰው እንዴት እንደሚታረቅ ሊያጠና እንደ አዲስ ተማሪ ቤት ገባ። "ትናንት ግን ያው ጠበቃ ነበርኩ" አለኝ። አሳዘነኝ፤ ተናደድኩበትም።

ከጁምዓ በኋላ የሽማግሎቹ አውራ ሸህ ይማም ዘንድ ሄድን። ዶክተሩ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲል በእጃቸው አስቆሙት። ወደ እኔ ዞረው፣ "ልጄ፣ እኛ የፈረንጁን ቋንቋ አናውቅም። ያን ነገር የሰማነው ካንተ አፍ ነው" አሉ። ሸንጎውን ለእሁድ ቀጥረውታል፤ ከዚያ በፊት ግን ነገ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልለምን ሰይድ ደጅ እንድቆም አዘዙኝ።

ቅዳሜ

አስተማሪ ሰው! ተማሪ ቢያየኝስ? የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር "ጓድ፣ ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው" ብሎ ቢጽፍብኝስ? ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ አጎነበስኩ። ጥቂት ቆይቶ አጠገቤ ሰው ሲያለከልክ ሰማሁ። ዶክተሩ ከእኔ የሚበልጥ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል። ማንም አላዘዘውም።

ሰይድ ወጣና እኔንና ዶክተሩን ተራ በተራ አየ። የእኔን ድንጋይ አወረደ፣ ቀጥሎ የዶክተሩን። "አፉ ብያለሁ" አለ።

"የነገው ሸንጎስ?" ስለው በሩን ዘግቶ ገባ።

እሁድ

አንገቴ አልዞር ብሏል። ከጠዋት ጀምሮ ዋርካው ሥር ነን። የገዳይ ወገኖች አቀርቅረዋል። ሰይድ የለም። ዶክተሩ "ይመጣል?" እያለ ይነዘንዘኛል፤ ዛሬስ ጥያቄውን ለማንም አልተረጎምኩም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሰይድ ከነወገኖቹ መጣ። ለእኛ ሰላምታ ሳይሰጥ ሐሙስ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። ሸህ ይማም ዱአውን ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ዱአው አለቀ። ጸጥ አለ። ዶክተሩ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ደብተሩን ሊያወጣ ነው ብዬ ፈራሁ። መሐረቡን አውጥቶ ላቡን ጠረገ። አልሐምዱሊላህ።