ተነሳሽነት ይጎድላቸዋል የተባሉት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን በ1946 ዓ.ም. ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የአባታቸው ዓይን ስለደከመ የቤቱ ሸክም በእርሳቸው ላይ ወደቀ፤ ትምህርታቸውንም አቋረጡ። በ1963 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት በወረቀት ተሸካሚነት ተቀጠሩ። ማሽኑን ያስተማራቸው የለም፤ እያዩ ለመዱት። ውለው አድረው ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰው ብቻ እርጥበት መያዙን የሚያውቁ ባለሙያ ሆኑ።

በ1972 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። እናታችን ከሸሚዝ ላይ ቀለም ሲያስለቅቁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለኖሩ እርሳቸውም የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ነበሩ ማለት ይቻላል።

አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር ለሥልጠና የሚላኩት አለቆች ነበሩ። ሲመለሱ ሰርተፍኬታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ማሽኑን ለአባታችን ይተዉላቸዋል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር «እስቲ ያሳዩት» ይባላሉ፤ ያሳዩት ሰው ደግሞ በዓመቱ አለቃቸው ሆኖ ቁጭ ይላል። እንዲህ እያሉ ሃያ ስድስት ሰው አስተማሩ። የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሰልጣኝ መባል።

በ1998 ዓ.ም. የሥራ አፈጻጸም ምዘና ተጀመረ። የአባታችን ቅጽ «ክህሎት ከፍተኛ፣ ተነሳሽነት ዝቅተኛ» ይል ነበር። እርሳቸው ከመቀመጫ መነሳት ማለት መስሏቸው ወንበራቸውን ከማሽኑ አጠገብ አስወጡና ሁለት ወር ሙሉ ቆመው ሠሩ። እግራቸው አበጠ። ትርጉሙን የነገርኳቸው እኔ የመጀመሪያ ልጃቸው ነኝ፤ ምነው አፌን በቆረጠው። «ታዲያ ማን አነሳስቶኝ ያውቃል?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሙያ በልብ ነው ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ፤ ለማንም ግን አያሳዩም። ሁለት ዓመት ሙሉ የተበላሸ ወረቀት በየጥጉ ተከመረ። እርሳቸውም ቤት ሲገቡ እራት ሳይበሉ ይተኙ ነበር፤ ማኩረፉ ከሥራው ይልቅ አደከማቸው።

በ2000 ዓ.ም. የተሾሙት የክፍል ኃላፊ፣ ቀድሞ መጽሐፍ ጠራዥ የነበሩ ሴት፣ ወንበሩን ራሳቸው ተሸክመው መለሱላቸው። «እኔም አላውቀውም፣ ያስተምሩኝ» አሏቸው። ከዚያም በየጠዋቱ ማሽን ቆሞ አንድ ሰዓት ትምህርት እንዲሰጥ አደረጉ። አባታችን እስከ ጡረታቸው አንድም ቀን አልቀሩም። የማዕረጉ ነገር ግን አልተሳካም፤ በ2006 ዓ.ም. የተሰጣቸው የስንብት ደብዳቤ «የማሽን ሠራተኛ» ይላል።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሦስት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ70 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

በእጃችሁ ያለውን ይህን ወረቀት ያተሙት ተማሪዎቻቸው ናቸው። እኛ የመጀመሪያውን አይተን ጥሩ ነው ብለናቸው ነበር። እነርሱ ግን በፎቶው ላይ የአባታችን ፊት ገርጥቷል ብለው ሁለት ጊዜ ጥለው በሦስተኛው አስረከቡን። ማንም አላዘዛቸውም።

ለደከመ ዕረፍት የማይነፍግ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን።