ስለ እሜቴ የደበቅኩህ

ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፣

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ባለፈው ያመመህ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ዕቃውን ብቻዬን ካላነሳሁ እያልክ ትታገላለህ? ሚስትህ እንዴት ናት? ያቺ ጥርሷን ያወለቀች ቀበጥ ልጅህስ፣ አዲሱ ብቅ አለላት? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው፤ ጠዋት ተነስታ እኔን ካልተቆጣች ቁርስ አይወርድላትም። ባለቤቴም ደህና ነው። ናፍቆትህ ግን ይቀልልኛል ስል ብሶብኛል።

ደብዳቤ ስታይ ደንግጠህ ይሆናል። ስልክ እያለ ምን አስጻፋት ብለህ ልብህ ሳይመታ አይቀርም። ሰው አልሞተብንም፤ መጀመሪያ ይህን ልንገርህና ትንፋሽህ ይመለስ። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ እሜቴ እንዴት ናት ትለኛለህ፣ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ደህና ናት፣ እንዲያውም ወፍራለች እልሃለሁ። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ራሴን ስረግም እውላለሁ። ወረቀት ደግነቱ መልሶ አይጠይቅም።

የልጅህ ሥዕል ደርሶናል። እሜቴን ቀንድ አብቅላ፣ ያውም ሐምራዊ ቀንድ አብቅላ ነው የሳለቻት። ሴት ድኩላ ቀንድ እንደሌላት ሳትነግራት ነው እንዴ ያሳደግካት? ከጀርባው ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንደምትመጡና እሷም እያፏጨች እሜቴን እንደምትጠራት ጽፋለች። አንተ ደግሞ ከሥሩ፣ በወለቀው ጥርሷ በኩል ነፋስ ብቻ እየወጣባት ቀኑን ሙሉ ፉጨት ስትለማመድ እንደምትውል ጨምረሃል። እማዬ ሥዕሉን አገላብጣ አየችው፣ ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ለጠፈችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ልጅቷ እዚህ ድረስ መጥታ ከምትሰማ ዛሬውኑ ንገሪው» አለችኝ።

እሜቴ የለችም፣ ወንድሜ። ከሞተች አራት ወር ሆናት። የሞተችውም በእኔ ጥፋት ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። የምታውቀውንም ጭምር እደግመዋለሁ፣ ምክንያቱም ሳልደግመው እዚያ መድረስ አልችልም። ያን ጠዋት ከአጥሩ ሽቦ አላቅቀህ በሸሚዝህ ጠቅልለህ ስታመጣት ድመት ታክል ነበር። እናቷ አጠገቧ ሞታ፣ እሷ የግራ የኋላ እግሯን ሽቦው እስከ አጥንቱ ቆርጧት። አትተርፍም ብዬ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩህ። አንተ በጡጦ የፍየል ወተት እያጠባህ ከአልጋህ ሥር አሳደግካት። ቁስሏ ሲድን ነጭ ፀጉር አበቀለ፤ እግሯ ላይ ቀለበት ያደረገች መሰለች። መሬት የነካ ቅጠል አልበላም ብላ ፊቷን ስታዞር፣ እሜቴ ብለህ ስም ያወጣህላት አንተ ነህ። የጎመን ችግኜን ጠራርጋ ስትበላ ግን ወይዘሮነቷ ትዝ አላላትም።

ስትጠነክር ወደ ጫካዋ መለስካት። ሁለት አጭር አንድ ረጅም ስታፏጭ ግን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከጓሮው በር ድረስ ትመጣልህ ነበር። ከሄድክ በኋላ ያቺን ፉጨት ቀድተህ በስልክ የላክህልኝ እንዳትረሳህ ብለህ ነው። ሳምንት አንድ ቀን አሰሚያት፣ ለሌላ ሰው ግን እንዳትሰጪ ብለኸኝ ነበር። ይህን ቃልህን አልረሳሁትም፤ ረስቼው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መጀመሪያ ያሰማኋት ቀን ስልኩን አሸተተችው፣ ከዚያ በእኔ ዙሪያ ዞረች፣ ከኋላዬ የቆምክ መስሏት። ይህን ያኔ አልነገርኩህም፣ ሆድህ እንዳይባባ ብዬ።

እንግዶች መቀበል ከጀመርን በኋላ እንደምታውቀው ሰው ወደዚህ የሚመጣው ለሁለት ነገር ነው፣ የገጠር ምግብ ለመቅመስና አውሬ ለማየት። ምግቡ በእጄ ነው። ጫካው ግን ለማንም አይታዘዝም። ባለቤቴ በሠራው ማማ ላይ ሰው ከቀትር ጀምሮ ተቀምጦ አንዲት ወፍ ብቻ አይቶ የሚወርድበት ቀን አለ። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት እንግዳ ሦስት ቀን ሙሉ ማማው ላይ ዋሉ። ምንም ሳያዩ ሊሄዱ ሻንጣቸውን ሲያስሩ አንጀቴን በሉትና ስልኬን ይዤ ወጣሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አልኩ። ፉጨትህን ለቀቅኩት፣ እሜቴ ያንን እግሯን ቀስ ብላ እያሳረፈች ከዛፎቹ መሃል ወጣች። አሮጊቷ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። እኔም ልቤ አበጠ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያዘንኩላቸው መሰለኝ እንጂ መመስገንም አምሮኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ያልኩት በየሳምንቱ ሆነ። ስትጠራ የምትመጣዋ ድኩላ ተብላ በራሪ ወረቀት ላይ ወጣች። ከዚያ ቀጭኑ አስጎብኚ፣ ያ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጠው፣ አንቺ በሌለሽ ቀን እንግዶቹ እንዳይከፉ ፉጨቱን ላኪልኝ አለኝ። ሰው ሲለምነኝ እምቢ ማለት እንደማልችል ታውቃለህ፣ አንተም ስንት ጊዜ ተጫውተህብኛል። ላክሁለት። አንዲት ጣት ናት ያንቀሳቀስኩት። እሱ ለጓደኞቹ ላከው፣ ጓደኞቹ ለማን እንደላኩት እነሱም አያውቁም።

አዝመራው ሲገባ የአካባቢው የምግብ ፌስቲቫል ሆነ። ዘንድሮ ሰው እንደ ጉድ ነው የመጣው። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ድንኳን ሆኖ፣ ዳቦው በየዓይነቱ፣ ማሩ፣ አይቡ፣ ሾርባው በትልልቅ ድስት። እኔን ከውድድሩ ሦስት ቀማሾች አንዷ አድርገው መረጡኝና ደረቴ ላይ ባጅ ለጠፉልኝ። ሹመት መሰለኝ። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ማንኪያ ይዤ ከድንኳን ድንኳን ስንጎማለል ብታየኝ ዓመት ሙሉ ታላግጥብኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ አንድ ሥጋ ጠባሽ ድንኳን ደረስን። ሰልፉ መንገድ ዘግቷል። ሰሌዳው ላይ የዱር ሥጋ ይላል። ከየት ነው ብዬ ጠየቅኩት። በፈቃድ ከሚያረቡ ሰዎች ነው፣ ወረቀት አለኝ አለ። ወረቀቱን አሳየኝ አላልኩም። እጄ ላይ ማንኪያ ነበር፣ ሽታው ያውዳል፣ ሰዉ ከኋላ ይገፋል። ቀመስኩ። ለስላሳ ነበር። ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቅኩ። አንደኛ ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ዳቦውን ነበር የመረጡት፣ ተከራክሬ ያሳመንኳቸውም እኔ ነኝ። የአንደኝነቱን ሪባን ድንኳኑ ላይ በገዛ እጄ ሰካሁ፣ አብረን ፎቶ ተነሳን።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሜዳውን ልናጸዳ ወጣን። ከዚያ ድንኳን ጀርባ የማዳበሪያ ከረጢት ተጥሎ አገኘሁ። ቆሻሻ መስሎኝ ወደ ጋሪው ልወረውረው ሳነሳው ቆዳ ነው፣ እግሩ ከነሰኮናው አልተለየም። የግራ የኋላ እግር። ነጯ ቀለበት ነበረች።

እዚያው ተንበረከክሁ። ባለቤቴ ሮጦ ሲመጣ ራሴን የሳትኩ መስሎት ውሃ አፈሰሰብኝ። እኔ ግን ምንም ነገር አላመለጠኝም፣ ሁሉንም አውቄዋለሁ። የበላሁትን አውቄዋለሁ።

የፌስቲቫሉ ሰብሳቢ ጠባሹን አስጠራው። መጀመሪያ ካደ፣ ኋላ ቆዳውን ሲያሳዩት አቀረቀረ። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ መንገድ ዳር ከማያውቀው ሰው ነው የገዛው። ሰብሳቢው ሻጩ እንዴት አደናት ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ወደ እኔ ሳያይ «ማደንም አላስፈለገም፣ ፉጨት ከስልኬ ባሰማት በእግሯ መጣችልኝ ብሎኛል» አለ።

ሪባኑን ነጠቁት፣ ሁለተኛ እንዳይመጣ ከለከሉት፣ ለጫካው ጥበቃዎችም አመለከቱ። የገደላት ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቢገኝስ? እሜቴን አያስነሳልኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያንን ሰው አምና አይደለም የወጣችው። አንተ የመጣህ መስሏት ነው። እስከ መጨረሻው ከሰውየው ጀርባ ስትፈልግህ ነበር እያልኩ አስባለሁ፣ ሳስበውም የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥጋ በአፌ አልዞረም። ምላሴን ራሱ ጠላሁት።

ያገኘነውን ከጓሮው በር አጠገብ፣ አንተ ከምትቀመጥባት ግንድ ሥር ቀበርነው። ባለቤቴ አካፋውን ከእጄ ወስዶ ብቻውን ቆፈረ፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ። ፉጨትህን ከስልኬ አጠፋሁት። ቀጭኑ አስጎብኚም ፊቴ ቆሞ አጠፋ፣ ትከሻው ያን ቀን የተንቀጠቀጠው በሳቅ አይደለም። በስንት ሰው ስልክ ላይ እንደቀረ ግን አንድዬ ነው የሚያውቀው። ማማውን አፈረስነው። እንግዶች አሁንም ይመጣሉ፣ ዳቦና ማር ይበላሉ፣ ድኩላዋስ ይላሉ። ሄዳለች እላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ እሱን ሳልነግርህ ብዕሬን አላስቀምጥም። መውለዷን ነግሬህ ነበር። ልጇ ወንድ ነው። ከተቀበረች ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ልብስ ከገመድ ሳወርድ፣ አጥሩ ጋ እሷ ትቆምበት በነበረው ቦታ ቆሞ አየሁት። ማንም አልጠራውም። እናቱ ያስለመደችው ሰዓት ነዋ። ጎመን ቆርጬ ልሮጥለት እግሬ ተነሳ። መልሼ ተከልኩት። ጎንበስ ብዬ ድንጋይ አነሳሁ።

የመጀመሪያው አልመታውም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ ተሳስተሽ ይሆናል የሚል ይመስል ዝም ብሎ አየኝ። ሁለተኛው ጎኑን መታው። እማዬ በመስኮት አይታ አበድሽ እንዴ ብላ ጮኸችብኝ፣ ከዚያ ግን ገባት። አሁን እሷም ያ ሰዓት ሲደርስ ድስት ይዛ ትወጣለች፣ እየቀጠቀጠች ታባርረዋለች፣ እኔም እወረውራለሁ። ሁለታችንም እናለቅሳለን፣ አንተያይም። ሰሞኑን ገና በሩ ሲንቋቋ መሮጥ ጀምሯል። ሲሸሸኝ ደስ ይለኛል፤ እንዲህ ያለ ደስታ ለጠላቴም አልመኝ። ቀንዱ ብቅ ብቅ ብሏል። ለልጅህ ሥዕሏ እንደማይጣል ንገራት፣ ለእሱ ይሆናል።

ይቅር በለኝ እንዳልልህ አፍ የለኝም። ለልጅህም እንዴት እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ፣ ከፈለግህ የአክስትሽ ጥፋት ነው በላት፣ እውነት ስለሆነ አልቀየምህም። ብቻ በዚህ ምክንያት እንዳትቀሩብኝ። ክፍላችሁን ቀለም አስቀብቼዋለሁ።

እማዬ ዓይንህን ሳላይ እንዳልሞት ትልሃለች፣ ይህን ደግሞ ካንተ ጋር ስትጣላም ስትታረቅም እንደምትለው ታውቃለህ። ባለቤቴ ለወገቡ ያስብለት ብሎሃል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ለልጅህ ቀሚስ ስለጀመረች ቁመቷን ላክላት። ሚስትህን ሳምልኝ፣ እንደ እህቴ ነው የማያት በልልኝ። ቀበጢቱን ጉንጮቿን፣ ግንባሯን፣ ያንን ባዶ ድዷን ሳይቀር ሳምልኝ።

ስትመጡ አመሻሽ ላይ ወደ ጓሮ መውጣትህ አይቀርም፣ አውቅሃለሁ። እሱም ካጥሩ ወዲያ ብቅ ሊል ይችላል። የሰው ሁሉ ነገር አስጠልቶት ይሆናል፣ ያቺን ፉጨት ግን ከእናቱ ጎን ሆኖ ነው የለመዳት፣ እኔ በድንጋይ ከውስጡ ላወጣት አልቻልኩም። ስለዚህ አደራህን ወንድሜ፣ እንዳታፏጭ። ልጅህም እንዳታፏጭ። ቆሞ ካየህ አንተም ድንጋይ አንሳ።

ጥፋተኛዋ እህትህ

ከቤታችን፣ ከጓሮው በር አጠገብ ተጻፈ
መጋቢት 6 ቀን