የእርከኑ ባለቤት

ጉለሌ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢታና፣ ናዝሬት

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። እኛ ደህና ነን። ልጅህ ኢየሩ ጳውሎስ ሆስፒታል ነርስነት መማር ጀምራለች። ነጩን ጋውን ለብሳ ስትወጣ ቁመናዋ ቁርጥ አንተን ነው።

ወንድምህ ቦና መልእክትህን አድርሶኛል። «መንግሥት ለመሬቱ ከሚከፍለው ግማሹን ትላክልኝ» ብለሃል አሉ። መልሴን በሰው አፍ ከምልክ ራሴ ልጻፍልህ ብዬ ነው።

«ይህ ቁልቁለት ከእንግዲህ እህል አያበቅልም» ብለህ በሬዎቹን ሸጠህ የሄድክበትን ቀን መቼም አትረሳውም። በዚያው ክረምት ጎርፉ ማሳውን ጠርጎ ቀጨኔ ድረስ አወረደው። የባለ ሱቋ የአይሻ ግድግዳ የፈረሰው በእኛ አፈር ነው። እሷ ግን አልከሰሰችኝም፤ አካፋ ይዛ መጣች። ከእሷና ከቸርቻችን ሴቶች ጋር ድንጋይ በጀርባችን እያመላለስን እርከን ሠራን፤ ዳር ዳሩን ጽድና ወይራ ተከልን። ሽማግሌዎቹ «የወንድ ሥራ ነው፣ ተይው» አሉኝ። አልተውኩትም። ከዚያ ወዲህ ታች አንድም ቤት ጭቃ አልገባም።

ዘንድሮ ተዳፋት መሬታቸውን ለሚንከባከቡ ገበሬዎች መንግሥት ድጋፍ ሊከፍል ነው ተባለና ሳምሪ የምትባል ባለሙያ ልታይ መጣች። ከኋላዋ ማን ይመጣል? ቦና! «ወንድሜ ነው ከናዝሬት እየላከ ያሠራው» አላት፣ እፊቴ ቆሞ።

«ቦና፣» አልኩት፣ «ወንድምህ የላከው የትኛው ድንጋይ ነው? እስቲ አሳየኝ።»

ሳምሪ ቀስ ብላ፣ «እናቴ፣ ይዞታው በአቶ ኢታና ስም ስለሆነ ክፍያው ለእሳቸው ነው» አለችኝ።

«እንግዲያው መሬቱን ከክፍያው አውጪው።»

«ገንዘቡን እኮ ያጡታል!»

«ልጣው። ላልሠራ ሰው ሲከፈል ቆሜ አላይም።»

«እርከኑስ?»

«እርከኑማ የት ይሄዳል? ታች ሰው ይኖራል።»

እውነቱን ልንገርህ፣ እነሱ ሲሄዱ እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። የሚያፈሰው ጣሪያችን፣ የኢየሩ ትምህርት፣ ሁሉም መጣብኝ።

በማግስቱ ግን አይሻን አስከትዬ ፍርድ ቤት ሄድኩና ይዞታው በእኔም ስም ይሁን ብዬ አመለከትኩ። መጥሪያ ደርሶህ በቀጠሮው ቀን አልመጣህም። አይሻ ቁርኣን ይዛ ምላ ያየችውን ተናገረች። ዳኛዋ ይዞታው በሁለታችንም ስም እንዲሆን፣ መሬቱም ወደ ክፍያው ተመልሶ ገንዘቡ እኩል እንዲደርሰን ወሰኑ።

ስለዚህ ግማሹ ያንተ ነው፤ አልክድህም። ውሳኔው ላይ ያለውን ደንብ ግን ቦና የነገረህ አይመስለኝም። ክፍያው በየዓመቱ እርከኑን ለሚጠግን ነው። ግማሹን ገንዘብ የፈለገ ግማሹን ድንጋይ ይሸከማል። በወኪል ደግሞ አይሆንም፤ ቦናን ብትልከው ከበር እመልሰዋለሁ።

ክረምቱ ሳይገባ የላይኛው እርከን መጠገን አለበት። የምትመጣ ከሆነ በጠዋት ና። የእዚህን ብርድ ታውቀዋለህ፣ ወገብህን እንዳይዝህ ወፍራም ነገር ደርብ። ምሳ እኔ ዘንድ አለ።

ካልመጣህም እንደለመድነው እንሠራዋለን።

ጌታ ልብ ይስጥህ፤ ባለህበትም ይጠብቅህ።

የኢየሩ እናት፣
ቡርቱካን