በየጅራፉ ስላሳጠርኩት አንድ አንድ ጣት

ዛሬ ሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ዲላ ከተማ በገዛ ቤቴ፣ አራት ምስክሮች ባሉበት፣ እኔ ወይዘሮ ጥሩብርሃን አየለ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ኑዛዜ ተናግሬአለሁ። የታመመው ሐሞቴ እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም። ነገ ሐዋሳ እሄዳለሁ፤ ረቡዕ ጠጠሩን ያወጡልኛል። ልጆቼ "እማዬ፣ ሽምብራ ለምታህል ጠጠር ኑዛዜ?" ብለው ስቀውብኛል። ይሳቁ፤ የሚቀደደው የእነሱ ሆድ አይደለም። የምትጽፈው ተከራያችን ሚስራ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የተባለውን ሁሉ ሳትዘል እንድትጽፍ አደራ ብያታለሁ።

አንደኛ፣ መኖሪያ ቤቱ ለልጆቼ ለለሚና ለቦንቱ እኩል ይሁን። ለሚ ባጃጁን የሚያቆምበት የግቢው ጥግ ግን የብቻው ነው፤ በዚያ ጉዳይ እንዳትጨቃጨቁ።

ሁለተኛ፣ በመንገዱ በኩል ያለችው የቆዳ መጠገኛ ቤቴ ከነወስፌዋ፣ ከነጉጠቷና ከነሞራ ቆርቆሮዋ ለቦንቱ ትሁን። ለሚ የባጃጅ ማጠቢያ ሊያደርጋት አስቧል። "እማዬ፣ የፈረስ ጊዜ አልፏል" ይለኛል። ልጄ፣ ባለፈው ክረምት ባጃጅህ ጭቃ ውስጥ ስትሰምጥ ጎትቶ ያወጣህ የባለጋሪው የወንድይፍራው ፈረስ ነው፤ የጎተተበትንም ጠፍር የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቦንቱ የደረቀ ልጓም በሞራ ሳታለሰልስ ወስፌ አታስገባበትም። የፈረሱን አፍ ከፍታ ሳታይ የልጓሙን ብረት አትለውጥም። አባቷ ጂሎም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲሁ ነበር።

ሦስተኛ፣ ወንድሜ ዳምጠው ለሠርጉ የተዋሰኝን ኮርቻ የመለሰልኝ በአንድ እርካብ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ "እየፈለግሁት ነው" ይለኛል። እንግዲህ እኔ ጋ የቀረውንም እርካብ አውርሼዋለሁ፤ ጥንድ ይሁንለት። ኮርቻው ግን የቦንቱ ነው።

አራተኛ፣ ይሄኛው ይከብደኛል። ጅራፍ ለጥገና ሲመጣልኝ ጫፉን ፈትቼ መልሼ ስጎነጉን፣ በመጣ ቁጥር አንድ አንድ ጣት ያህል ሳሳጥር ኖሬአለሁ። አሥራ አራት ዓመት! የጀመርኩት ጀርባዋ የተላጠ ባዝራ ደጄ ላይ ቆማ ያየሁ ቀን ነው። ባለቤቷ "ጫፉን አጠንክሪልኝ" ብሎ ጅራፉን ሰጠኝ። አጠነከርኩለት፤ አሳጠርኩበትም። ጩኸቱ እንዳይቀንስ ጫፉን በቃጫ እጨርሰዋለሁ፤ ሰፈሩን ያናውጣል፣ ፈረሱ ጋ ግን አይደርስም። ባለጋሪዎቹ ለምን አጠረ ሲሉኝ "የዲላ ዝናብ ቆዳ ያሳጥራል" እላቸው ነበር። ውሸት ነው። ቁርጥራጩ ሁሉ አልጋዬ ሥር በቡና ጆንያ አለ፤ የራሱን የሚያውቅ መጥቶ ይውሰድ። ቦንቱዬ፣ አንቺም ከአንድ ጣት በላይ በአንዴ እንዳትቆርጪ፤ ይነቃብሻል።

ይህን ስናገር ምስክሬ ወንድይፍራው ከወንበሩ ተነሣ።

"ጥሩዬ! እኔ'ኮ እጄ ያጠረ መስሎኝ ትከሻዬን ለሐኪም አሳይቻለሁ! ቅባት ገዝቻለሁ!"

ሌላው ባለጋሪ ሸምሰዲን ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። "አንተስ ትከሻህን ነው፤ እኔ ፈረሴ የረዘመ መስሎኝ ጋሪውን አስቀጥያለሁ።"

ወንድይፍራው ግን "አልፈርምም" አለ። ጎረቤቴ ብዙነሽ ደነገጠች። "አራተኛው ምስክር ካልፈረመ ወረቀቱ አይጸናም፤ የቆዳ ቤቷም ለሁለት ተካፍላ ማጠቢያ መሆኗ ነው!" ሌላ ምስክር እንዳልፈልግ ጊዜ የለኝም፤ ነገ ማለዳ መኪና እሳፈራለሁ።

ወንድይፍራው ጅራፉን አንሥቶ ወደ ግቢ ወጣ። ሁላችንም በመስኮት አየነው። ፈረሱ አጠገብ ቆሞ አጮኸው፤ የብዙነሽ ዶሮዎች ተበተኑ። ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላነሣም፤ ሣሩን ያኝካል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያልመታሁት?" አለኝ በመስኮት በኩል።

"ከ2008 ጀምሮ።"

"ታዲያ በምን ይሄዳል?"

"ዛሬ እዚህ በምን መጣህ?"

ፈረሱን አንገቱን አሸት አሸት አድርጎት ገባና ጅራፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። "እጀታው ላልቷል። ከሐዋሳ ስትመለሺ ትሠሪልኛለሽ" አለ። ርዝመቱን ስጠይቀው ፊቱን አዞረብኝ። "እኔ ምን አውቃለሁ? ዝናቡ እንዳደረገው ይሁን።"

ስለዚህ አምስተኛ ተጨምሯል፦ እኔ ካልተመለስኩ ይህን ጅራፍ ቦንቱ ትሥራው። ዝናቡን እሷ ታውቃለች።

ይህ ኑዛዜ ምስክሮቹ ባሉበት ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ። ከዚህ በፊት የተናዘዝኩት ሌላ ነገር የለም፤ ጆንያውንም ቢሆን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ተናዛዥ፦ ጥሩብርሃን አየለ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ሚስራ፣ ጸሐፊም ምስክርም (ፊርማ)
ብዙነሽ፣ ጎረቤት (ፊርማ)
ሸምሰዲን፣ ባለጋሪ (ፊርማ)
ወንድይፍራው፣ ባለጋሪ፤ አእምሮዬም ትከሻዬም ጤነኛ ሆኖ ፈርሜአለሁ (ፊርማ)